የብሉዝና የጃዝ ሙዚቃ ጠባይና ሥርዓት

በ1903 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ደብልዩ ሲ ሃንዲ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የሙዚቃ ጓድ መሪ፣ በሚሲሲፒ ግዛት ተትዋይለር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የዘገየውን ባቡር በጣቢያው ሲጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ሳለ፣ ልብሱ በላዩ ያለቀ አንድ ጥቁር ሰው ከአጠገቡ ተቀምጦ ጊታር መምታት ጀመረ። ሰውየው ክሮቹን በጣቱ በመጫን ፈንታ ቢላዋ በላያቸው ያንሸራትት ስለ ነበር፣ ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በመዝለል ሳይሆን እየተሳበና እየተለጠጠ ይሄድ ነበር። አንዲቱን የግጥም መሥመር ሦስት ጊዜ እየመላለሰ ያዜማታል፤ መሥመሯን በጨረሰ ቊጥርም ጊታሩ ተቀብሎ ይመልስለታል። ሃንዲ ኖታ ጠንቅቆ የሚያነብና የሚጽፍ፣ በሙያው የበሰለ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከዚያች ሌሊት በፊት እንዲህ ያለ እንግዳ ዜማ ሰምቶ እንደማያውቅ በ1941 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ መስክሯል።

የዚያን ጊታር መቺ ስም የመዘገበ የለም። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የተሰሙት ነገሮች፣ ማለትም በሁለት ኖታዎች መካከል የሚሳበው ድምፅ፣ ተመላልሶ የሚዜመው መሥመር፣ ለሰው ልሳን መልስ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ብሉዝና ጃዝ እየተባለ የሚጠራው ሙዚቃ የታነጸባቸው መሠረቶች ናቸው። በየትምህርት ቤቱና በየክበቡ ሙዚቃ የሚማሩ ወጣቶች ጃዝን ብዙ ጊዜ የሚያውቁት በመሣሪያው፣ በሳክስፎኑና በትረምፔቱ፣ ስለ ሆነ፣ አንዳንድ ሰዎችም ልክና ወሰን የሌለው የድምፅ ግርግር አድርገው ስለሚቈጥሩት፣ ውስጣዊ ሥርዓቱን በረጋ መንፈስ መመርመር ይገባል። ጃዝ ነጻ ሙዚቃ መሆኑ እውነት ነው፤ ነጻነቱ ግን በጠበቀ ልክ ውስጥ የሚሠራ ነጻነት ስለ ሆነ፣ ልኩን ያላወቀ አድማጭ የነጻነቱን ጣዕም አያገኘውም።

የዚህ ሙዚቃ ሥር በባርነት ዘመን ውስጥ ነው። ከአፍሪካ በግፍ ተነጥቀው በመርከብ ተጭነው በሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የተሸጡት ሰዎች፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም፣ በጥጥና በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሲደክሙ፣ አንዱ አውራጅ ሆኖ ሲያወጣ ሌሎቹ ተቀባዮች ሆነው በዶማቸውና በመጥረቢያቸው ምት ይመልሱለት ነበር። በጸሎታቸውም ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን፣ ይልቁንም የእስራኤልን ልጆች ከግብፅ መውጣት እያሰቡ፣ ስፒሪችዋል የተባለውን መንፈሳዊ መዝሙር በዚሁ በአውራጅና በተቀባይ ሥርዓት ይዘምሩ ነበር፤ ይህንንም መዝሙር የፊስክ ትምህርት ቤት መዘምራን ከ1871 ጀምሮ በአሜሪካ፣ በኋላም በአውሮፓ እየዞሩ አሰምተውታል። በ1865 ባርነት በሕግ ቢሻርም ሕዝቡ ከድኽነትና ከዕዳ አልተላቀቀም፤ አብዛኛው የሌላውን መሬት በመጋዞ የሚያርስ ገበሬ ሆነ፤ ቀድሞ በመንጋ እየተነዳ በአንድነት ይሠራ የነበረውም ሰው በየማሳው ተበታተነ። በማኅበር «እኛ» ይል የነበረው ዘፈን ያን ጊዜ «እኔ» ማለት ጀመረ። በእኔ አስተያየት የብሉዝ ልደት ከዚህ የሚቈጠር ነው፤ ብቸኛው ዘፋኝ ተቀባዮቹን ቢያጣ፣ የተቀባይነቱን ሥራ ለጊታሩ ሰጠው።

አሁን ወደ ቅርጹ እንግባ። የሙዚቃ መምህራን ሚዠር የሚሉት፣ በብሉዝ ዘንድ ዘወትር አራት ምት የሚይዘው የጊዜ ክፍል፣ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲቈጠር አንድ የብሉዝ ዙር ይሞላል፤ ስለዚህ አንዱ ዙር 48 ምት ነው። ዐሥራ ሁለቱ ሚዠሮች በሦስት ሐረግ ይከፈላሉ፤ ለእያንዳንዱም ሐረግ 4 ሚዠር ይደርሰዋል። በመጀመሪያው ሐረግ ዘፋኙ መከራውን ወይም አሳቡን ይናገራል፤ በሁለተኛው ያንኑ ቃል ይደግማል፤ በሦስተኛው ግን ቤት የሚመታ ሌላ መሥመር አምጥቶ ነገሩን ይፈጽመዋል። ድግግሞሹ በከንቱ የገባ አይደለም። ቃሉ ያው ሆኖ ከሥሩ ያለው ኅብረ ድምፅ ስለሚለወጥ፣ በመጀመሪያ እንደ ወሬ የተሰማው ነገር በሁለተኛው ጊዜ እንደ ምሬት ወይም እንደ ጥያቄ ሆኖ ይሰማል፤ ግጥሙን እዚያው የሚፈጥር ዘፋኝም ሦስተኛውን መሥመር እስኪያገኝ ድረስ ፋታ ያገኛል። ዘፋኙ ከየሐረጉ አራት ሚዠር ውስጥ በቃል የሚይዘው ከሁለቱ ብዙም አያልፍም፤ የቀረው ስፍራ የመሣሪያው ነው።

ከዚህ ላይ ኅብረ ድምፅ ያልነው ሙዚቀኞቻችን ኮርድ የሚሉትን፣ በአንድነት የሚሰሙትን የድምፆች ጉባኤ ነው። ብሉዝ በመሠረቱ ሦስት ኮርዶች ይበቁታል፤ እነዚህም ስኬል በሚባለው የድምፆች ድርድር በ1ኛ፣ በ4ኛና በ5ኛ ደረጃ ላይ የሚቆሙት ናቸው። መነሻችንን ዶ ብናደርግ የዶ፣ የፋና የሶል ኮርዶች ይሆናሉ ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሚዠሮች ዶ ይጸናል፤ በ5ኛውና በ6ኛው ወደ ፋ ይሻገራል፤ በ7ኛውና በ8ኛው ወደ ዶ ይመለሳል፤ በ9ኛው ሶል፣ በ10ኛው ፋ ከተሰማ በኋላ፣ በ11ኛውና በ12ኛው ዳግመኛ ወደ ዶ ገብቶ ያርፋል። በመጨረሻው ሚዠር ብዙ ጊዜ ሶል ብቅ የሚለው ተከታዩን ዙር ለመጥራት ነው። ይህን አካሄድ በቃሉ የያዘ ተማሪ፣ ቋንቋቸውን ከማያውቃቸው ሙዚቀኞች ጋር እንኳ ቢገናኝ፣ አንድ ቃል ሳይነጋገር አብሯቸው ሊጫወት ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ልክ ከመጀመሪያው ጀምሮ የጸና አልነበረም። 8 ወይም 16 ሚዠር ያላቸው ብሉዞች አሉ። በ1936 በሳን አንቶኒዮ፣ በ1937 በዳላስ 29 ዘፈኖች ቀርጾ በ1938 በ27 ዓመቱ የሞተው የሚሲሲፒው ሮበርት ጆንሰን ብቻውን የሚጫወት ስለ ነበር፣ ስሜቱ ሲመራው ሚዠሩን ያስረዝመው ወይም ያሳጥረው ነበር። ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲጫወቱ ግን አንዱ የሌላውን አካሄድ አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት፣ ዐሥራ ሁለቱ እየጸና የሄደው በከተማ የሙዚቃ ጓዶችና በታተመ ኖታ ነው። በዚህ ረገድ ያ የባቡር ጣቢያው አድማጭ ሃንዲ ዐቢይ ድርሻ አለው፤ በ1912 «ሜምፊስ ብሉዝ»ን፣ በ1914 «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ»ን አሳትሞ፣ በገጠር በቃል ብቻ ይኖር የነበረውን ዜማ ለፒያኖ ተጫዋቹም ለኦርኬስትራውም አደረሰው። በ1920 ማሚ ስሚዝ «ክሬዚ ብሉዝ»ን በሸክላ ካስቀረጸች በኋላ ደግሞ፣ የሸክላ ነጋዴዎች የጥቁር ሴቶችን ድምፅ ይፈልጉ ጀመር። ከእነርሱ ሁሉ የላቀችው ቤሲ ስሚዝ በጥር 1925 የሃንዲን «ሴንት ሉዊስ ብሉዝ» ስትቀርጽ፣ የትረምፔት ወንድም በሆነው ኮርኔት ያጀባት ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ፣ እርሷ ትንፋሽዋን በምታሳርፍበት ስፍራ ሁሉ እየገባ ይመልስላታል። የአውራጅንና የተቀባይን ሥርዓት በጆሮው ሊያጠና የሚወድ ሰው ከዚህ ሸክላ የሚበልጥ መምህር ያገኛል ብዬ አላምንም።

በዚህ ቅርጽ ውስጥ የሚመላለሱት ድምፆችም የራሳቸው ባሕርይ አላቸው። የአውሮፓው ሜጀር ስኬል ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ብሎ ሰባት ድምፆችን ይደረድራል። የብሉዝ ዘፋኝ ግን ሦስተኛውን ሚን፣ ሰባተኛውን ሲን፣ አንዳንድ ጊዜም አምስተኛውን ሶልን ከስፍራቸው ዝቅ ያደርጋቸዋል፤ እነዚህም ብሉ ኖት ይባላሉ። ዝቅታቸው ብዙ ጊዜ በፒያኖ ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል የሚውል፣ በኖታ ወረቀት ልኩን መጻፍ የማይቻል ነው። ጊታር መቺው ክሩን በጣቱ ገፍቶ፣ ወይም ያ የተትዋይለሩ ሰው እንዳደረገው ቢላዋ አንሸራትቶ፣ ትረምፔት ነፊውም ከንፈሩን አላልቶ ያገኘዋል፤ ቁልፎቹ ከስፍራቸው የማይነቃነቁለት ፒያኖ ተጫዋች ግን ሁለቱን ጎረቤታሞች ባንድነት በመምታት በመካከላቸው ያለውን ድምፅ ያሳስባል። ስለዚህ ብሉዝን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ዐፅሙን እንጂ ሥጋውን አልያዘም።

መምህራን ለማስተማር እንዲመች ብለው ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ የሚሉትን ስድስት ድምፆች የብሉዝ ስኬል ይሏቸዋል። የአገራችን ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባዋል፤ ከስድስቱ ዝቅ ያለውን ሶል ብናወጣ የሚቀሩት አምስቱ፣ የሙዚቃ መምህራን ባቲ ማይነር ከሚሉት ቅኝት ድምፆች ጋር አንድ ናቸውና፣ በማሲንቆ ወይም በክራር ያን ቅኝት የለመደ ልጅ ወደ ብሉዝ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ነገር ግን የድምፆቹ መመሳሰል የሁለቱን ሙዚቃዎች አንድነት አያሳይም። ባቲ ከሥሩ የሚለዋወጡ ሦስት ኮርዶችን የማይሻ፣ ማረፊያውና አገጣጠሙ ሌላ የሆነ፣ በራሱ የቆመ ቅኝት ነው።

የኮርዶቹም ነገር እንዲሁ ልዩ ነው። በአውሮፓው ትምህርት ዶ፣ ሚ፣ ሶልና ዝቅ ያለ ሲ በአንድነት ሲሰሙ ጆሮ ማረፊያ ፍለጋ ሌላ ኮርድ ይጠብቃል፤ በብሉዝ ግን ሦስቱም ኮርዶች ይህን ሰባተኛ ድምፅ ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ማረፊያውም ራሱ ይህንኑ ይዞ ያርፋል። ዘፋኙ ዝቅ ያለውን ሚ ሲያዜም ኮርዱ ከሥር ያልተነካውን ሚ ይዞ ይቆያልና ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ከግጭታቸውም የሚወለደውን ስሜት ሐዘን ነው ወይም ደስታ ነው ብሎ መቊረጥ አይቻልም። ብሉዝን የልቅሶ ዘፈን ብቻ የሚያደርጉት ሰዎች ይህን አላስተዋሉም። ሕዝቡ ቅዳሜ ማታ በብሉዝ ይጨፍር ነበር፤ መከራውን እየተናገረ በመከራው ላይ ይረግጥ ነበር።

ስለ ምቱ ደግሞ ጥቂት እንበል። በአውሮፓ ማርሽ ከአራቱ ምቶች የሚበረቱት 1ኛውና 3ኛው ሲሆኑ፣ በጃዝ የአድማጩ ጭብጨባ የሚወድቀው በ2ኛውና በ4ኛው ላይ ነው። አንዱ ምት ለሁለት ሲከፈልም እኩል አይከፈልም፤ የመጀመሪያው ክፍል ይረዝማል፣ ሁለተኛው ያጥራል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ሁለት ሦስተኛና አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል፤ ሙዚቃው ሲፈጥን ደግሞ ወደ እኩልነት ይቀርባል። ይህ ስዊንግ የተባለው አካሄድ ነው። በዚህ ላይ ዜማው ከምቱ ጥቂት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እየገባ፣ ባልተጠበቀው ስፍራ እየበረታ፣ የአድማጩን ጆሮ ንቁ አድርጎ ይይዘዋል።

ጃዝ የበቀለው በሉዊዚያና ግዛት በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ይህች የወደብ ከተማ በባርነት ዘመን እንኳ፣ እሑድ እሑድ ባሮች ኮንጎ ስኩዌር በተባለው ሜዳ ተሰብስበው ከበሮ እየመቱ የሚጨፍሩባት ስፍራ ነበረች፤ በኋላም በፈረንሳይ ሥርዓት ሙዚቃ የተማሩ፣ ክሬዮል የተባሉ ቅይጥ ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ በቃላቸው የሚጫወቱ የብሉዝ ሰዎች፣ ለቀብርም ለበዓልም በጐዳና የሚሄዱ የነሐስ መሣሪያ ጓዶች ተገናኙባት። በዘመኑ ሰዎች ምስክርነት ከሁሉ የቀደመው ኮርኔት ነፊ ቡዲ ቦልደን በ1907 አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገብቶ በ1931 እዚያው ሞተ፤ ድምፁን የያዘ አንድም ሸክላ አልተገኘም። የመጀመሪያው የጃዝ ሸክላ ተብሎ የተመዘገበው በየካቲት 1917 በኒውዮርክ የነጮች ጓድ የቀረጸው ነው። ሙዚቃውን ካመነጨው ሕዝብ ወገን የሆኑት የቦልደን ዘመን ሰዎች ሳይቀረጹ መቅረታቸው የሚያሳዝን ጉድለት ነው፤ እኛ ያን ትውልድ የምንሰማው በ1923 በተቀረጸው በጆ ኦሊቨር ጓድ በኩል ነው። በዚህ ጓድ ኮርኔቱ ዜማውን ይይዛል፣ ክላርኔቱ ከላይ ይሽከረከራል፣ ትሮምቦኑ ከታች ይደግፋል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ እየፈጠሩ አይደናቀፉም።

የኦሊቨር ሁለተኛ ኮርኔት ነፊ የነበረው አርምስትሮንግ ይህን የማኅበር ፈጠራ ወደ አንድ ሰው ፈጠራ መለሰው። በሰኔ 1928 በቺካጎ ከተማ የመምህሩን የኦሊቨርን ድርሰት «ዌስት ኤንድ ብሉዝ»ን ሲቀርጽ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ማንም ሳያጅበው ትረምፔቱን ብቻውን አሰማ፤ ከዚያም ሌሎቹ ገብተው ዐሥራ ሁለት ሚዠር ያለው ብሉዝ ሆነ፤ በመካከልም ቃል በሌለው ድምፅ ከክላርኔቱ ጋር እየተቀባበለ አዜመ። ከዚህ ወዲህ በጃዝ የብቸኛው ተጫዋች ፈጠራ፣ ኢምፕሮቫይዜሽን የሚባለው፣ የሙዚቃው ልብ ሆነ።

ይህ ፈጠራ ምን እንደ ሆነ የቅኔ ጉባኤ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። የቅኔ ተማሪ የጉባኤ ቃና ቤቱ ሁለት፣ የዘአምላኪየ ሦስት፣ የመወድስ ስምንት መሆኑን፣ የዜማውንም ልክ አስቀድሞ አጥንቶ፣ በማኅሌት ቆሞ ሲዘርፍ ግን ትናንት የተባለውን ሳይደግም አዲስ ምሥጢር ያመጣል፤ ልኩን ቢያፋልስ ይነቀፋል፣ የሰማውን ቢደግምም ይነቀፋል። የጃዝ ተጫዋችም እንዲሁ ነው። ጓዱ በመጀመሪያ የታወቀውን ዜማ በአንድነት ያሰማል፤ ከዚያ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ በዚያው ዜማ ኮርዶችና ሚዠሮች ላይ አዲስ ዜማ ይፈጥራሉ፤ በፍጻሜው ወደ መጀመሪያው ዜማ ይመለሳሉ። አንዱ ሲፈጥር ባሱ በየምቱ አንድ ድምፅ እየረገጠ ይጓዛል፣ ፒያኖው ኮርዶችን ጣል ጣል ያደርጋል፣ ድራም መቺው በሲምባሉ ጊዜውን ይጠብቃል፤ ሦስቱም የሚፈጥረውን ሰው ይሰሙታል፣ ይመልሱለታልም።

ከብሉዝ ቀጥሎ ጃዝ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ቅርጽ 32 ሚዠር ያለው ነው። ስምንት ስምንት ሚዠር ባላቸው አራት ክፍሎች ይከፈላል፤ አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው አንድ ዓይነት ዜማ ሲይዙ ሦስተኛው ይለያል። የጆርጅ ገርሽዊን የ1930 ዘፈን «አይ ጎት ሪዝም» በዚህ ዓይነት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ኮርዶቹን እየወሰዱ በላያቸው አዲስ ዜማ የደረሱት የጃዝ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። በ1940ዎቹ ቻርሊ ፓርከርና ዲዚ ጊሌስፒ ቢባፕ የተባለውን ፈጣንና ረቂቅ አጨዋወት ሲያወጡ ብዙዎች ከሥር መሠረቱ የተነቀለ መስሏቸው ነበር፤ ነገር ግን ፓርከር በ1945 የቀረጸው «ናውስ ዘ ታይም» ጥርት ያለ ዐሥራ ሁለት ሚዠር ነው። በዚያ ሸክላ በ19 ዓመቱ ትረምፔት የነፋው ማይልስ ዴቪስ በ1959 «ካይንድ ኦቭ ብሉ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ በውስጡ ባለው «ሶ ዋት» በተባለው ዜማ ኮርዶችን እጅግ ቀንሶ 32ቱን ሚዠሮች ሞድ በሚባሉ ሁለት የድምፆች ድርድሮች ብቻ አቆማቸው፤ በዚያው ሥራ ውስጥ ግን «ፍሬዲ ፍሪሎደር»ና «ኦል ብሉዝ» በብሉዝ ልክ የተሠሩ ናቸው። ጃዝ ከብሉዝ ርቆ ሄደ የሚለውን አነጋገር የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

የዚህ ሙዚቃ ነገር ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝ አገር፣ ቀጥሎም በቦስተን በርክሊ በተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ኮርዶች ጋር ለማስማማት ደከመ፤ በ1972ም «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» የተባለውን ሥራ አወጣ። ሥራው ከባድ ነበር፤ በቅኝቱ ላይ ኮርድ ያለ ልክ ቢጫንበት የቅኝቱ ጠባይ ይጠፋልና። በ1973 ታላቁ የጃዝ ጓድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ከነጓዱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ኒሻን ሲቀበል፣ ሙላቱም ከእርሱ ጋር ለመገናኘት በቅቷል።

እንግዲህ ይህን ሙዚቃ ለመማር የምትሹ ወጣቶች፣ በመሣሪያ ፍጥነት አትጀምሩ። «ናውስ ዘ ታይም»ን አድምጡ፤ አራት አራት ምት እየቈጠራችሁ ዐሥራ ሁለተኛው ሚዠር ላይ ዙሩ ሲያልቅ፣ ተከታዩም ሲጀምር ለዩት። ቈጠራው ሳይናወጥ ሲቀር ደግሞ ባሱን ብቻ ተከተሉት፤ ኮርዱ ወደ ፋ ደረጃ የሚሻገርበትን 5ኛውን ሚዠር በጆሯችሁ ያዙት። ቀጥሎ የፓርከርን ፈጠራ አንድ ዙር በአፋችሁ ማዜም እስክትችሉ ድረስ መላልሳችሁ ስሙት። የተጻፈውን ኖታ ከመምህራችሁ የምትጠይቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።